ለእማዬ ብቻ የወጣችው ድስት

የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴ ጤና ጣቢያ ሄዳ ግፊት እንዳለባት ተነገራት። የታዘዘላት ክኒን አንድ፣ የተሰጣት ምክር ሦስት ነበር፦ ጨው ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ክኒኑን አታቋርጪ። እኛ ልጆቿ በዚያው ማታ አንዲት ትንሽ ድስት ለይተን አወጣንላት። የቤቱ ወጥ እንደወትሮው ይሠራል፤ የእሷ ለብቻው ያለ ጨው ይጣዳል። ለእሷ ማሰብ ማለት ይህ መስሎን ነበር። በሳምንቱ ከዚያች ድስት አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ እኔ ዘረጋችና «እስቲ ቅመሽው፤ ይኼ ለሰው የሚቀርብ ነው?» አለችኝ። ጨው ከማጣቱ ይልቅ፣ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበን ስንበላ ብቻዋን ሳህን ይዛ መቀመጧ ነበር የከበዳት። ወር ሳይሞላ ወደ ትሪው ተመለሰች።

ያኔ «ምክር አትሰማም» ብዬ ተናድጄባታለሁ። ይህቺው ሴት ግን ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ስትጾም ነው የማውቃት፤ አንድም ዓመት ስታጓድል አላየሁም። እንዲህ ያለ ሰው ጽናት ጎድሎት ነው ማለት አይቻልም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

በጾም ወራት ማንም ሰው በየማለዳው «ዛሬ ልጹም ወይስ ልተወው?» እያለ ከራሱ ጋር አይሟገትም። መግቢያው ቀን ይታወቃል። ቅቤው ከጓዳ ይነሣል፣ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱን ያወጣል፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራም ቁርሱ ቆሎ ነው። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ለሱሑር የሚቀሰቅስ፣ ለኢፍጣር አብሮ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ጾም ሁሉ ለሰውነት ይበጃል እያልኩ አይደለም፤ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖም የጾም ምግብ ነው። የምለው፣ ልማድን እንዴት አድርጎ ማቆየት እንደሚቻል እናውቃለን ነው። የምናውቀውን ግን ለግፊትና ለስኳር አላዋልነውም። ለበሽተኛው ምክር እንሰጠዋለን፤ ከዚያ ብቻውን እንተወዋለን።

በየማኅበራዊ ሚዲያው «21 ቀን ደጋግመው፣ ልማድ ይሆናል» የሚል ምክር ይዞራል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተጠኑ 96 ሰዎች የሚነግሩን ሌላ ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ነገር መርጠው፣ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ውሃ መጠጣትን፣ በየቀኑ ከተወሰነ ሰዓት ጋር አያይዘው ሞከሩት። ነገሩ ሳያስቡት የሚያደርጉት እስኪሆን የወሰደው ጊዜ አማካዩ 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። አንድ ቀን መዝለሉም የጀመሩትን አላፈረሰባቸውም። እኔ ከሁሉ ይበልጥ ልብ ያልኩት ይህን የመጨረሻውን ነው። በመስከረም ስንት ሰው መራመድ ጀምሮ፣ ሁለት ቀን ስላመለጠው ብቻ «አልሆነልኝም» ብሎ ትቶታል!

ወደ ጨው ልመለስ፤ የኛ ትልቁ ጣጣ እዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ። ስድስት ሰው ባለበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው ከወር በላይ ሊቆይ ይገባል ማለት ነው፤ ያውም ዳቦውና በርበሬው የያዙትን ሳንቆጥር። በርበሬያችን ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ወጡ ሲበስል እንደገና ይጨመርበታል። ስለዚህ «ጨው ቀንሺ» የተባለችው እናት የምትቀንሰው ዛሬ በእጇ የምትበትነውን ብቻ ነው፤ የቀድሞው በበርበሬው ጣሳ ውስጥ አለ።

ባለፈው ዓመት በርበሬ ስናዘጋጅ ጨው እንዳይገባበት ተስማማን። የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ደግሞ የሁላችንንም ወጥ ጨው ቀነስን፤ ትንሿ ድስት ወደ መደርደሪያዋ ተመለሰች። ወንድሜ ለጥቂት ሳምንታት አጉረመረመ፣ ከዚያ ምላሱ ለመደ። ክኒኑን እናቴ ራሷ ከዳዊቷ አጠገብ አኖረችው፤ ዳዊት ሳትደግም የምታሳልፈው ጠዋት የለማ። በጾም መዋጡ አስጨንቋት ነበር፤ ሐኪሟንም ንስሓ አባቷንም ጠየቀች፣ ሁለቱም እንዳታቋርጥ ነገሯት። ግፊት ሕመም ሳይሰማ የሚጎዳ ነው፤ «ተሽሎኛል» ብለው መድኃኒታቸውን የሚተዉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የክኒኑ ቦታ መታወቁ ትልቅ ነገር ሆኖልናል።

የእግር ጉዞው ግን በቤተሰብ ስምምነት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ሯጭ በማፍራት ዓለም ያወቀን ሰዎች ነን፤ ታላቁ ሩጫም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ አዲስ አበባን በቲሸርት ያጥለቀልቃታል። ደስ ይለኛል። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን በዓል እንጂ ልማድ አይሆንም። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የከተማዋ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ሲከፈቱ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ በወር አንድ እሑድ መባሉ ግን ጥቂት ነበር። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ታደርጋለች፤ በየእሑዱና በየበዓሉ፣ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት ትለቃለች። የእሑድ ጠዋት ጉዳይ ማንም የማይጠይቀው ነገር ሆኗል። አዲስ አበባም በየሳምንቱ ብታደርገው፣ ልክ እንደ ጾሙ፣ ሰው «ዛሬ ልውጣ?» ብሎ ማሰቡን ይተዋል።

እናቴ አሁን ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች፤ ደርሶ መልስ 40 ደቂቃ። በሳምንት አራት ቀን ቢሄዱ፣ ለአዋቂ የሚመከረውን 150 ደቂቃ ያልፋሉ። አንዷ ስትቀር ሁለቱ በር ያንኳኳሉ። ባለፈው ክረምት ግን የእግረኛው መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሮ ሳይደፈን ከረመ፤ ውሃ ሞላው፣ ሦስቱም እንዳይወድቁ ፈርተው ቤት ዋሉ። ጉዞውን እንደገና ለመጀመር እስከ ጥቅምት ጠበቁ። ቦዩ ዛሬም ግማሹ አፉን እንደከፈተ ነው። አሁን ግንቦት ነው፤ ሰኔ ሳይገባ ይደፈንላቸው።