ባድመን «ተቀብለናል» ማለት ምን ማለት ነበር?

አንድ መንግሥት «የኔ ነው» ሲለው የኖረውን መሬት እንዴት ይተዋል? ፊርማ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያና ኤርትራ የተዋጉባት የድንበር ከተማ የባድመ ጉዳይ ካለቀ ሃያ ዓመት አልፎታል። ታህሳስ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ መለስ ዜናዊና ኢሳይያስ አፈወርቂ የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆን ፈረሙ። ይግባኝ የለም። ኮሚሽኑ በምኒልክ ዘመን ከጣሊያን ጋር የተፈረሙትን ውሎችና ዓለም አቀፍ ሕግን አይቶ እንዲወስን ነው የተስማማነው። ለሕዝቡ ምን ይሻላል፣ ፍትሐዊው የቱ ነው ብሎ የመፍረድ ሥልጣን በግልጽ ተነፍጎታል። አሳልፈን የሰጠነው እንግዲህ ያኔ ነው።

ውሳኔው ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ወጣ። አዲስ አበባ «ባድመ የኛ ሆናለች» አለች፤ ሰው ደስ አለው። አስመራም አሸንፌያለሁ አለች። ሁለቱም እንዲህ ማለት የቻሉት መስመሩ የተነገረው በነጥቦች ልኬት ስለነበረ ነው፤ ባድመ በየትኛው በኩል እንደዋለች ውሳኔው አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ነጥቦቹን ካርታ ላይ ሲያኖሯቸው ግን ከተማዋ ወደ ኤርትራ ትወድቃለች። ኮሚሽኑ ራሱ በዓመቱ ይህንኑ አረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ማንገራገር ነው። በ1996 መግቢያ አቶ መለስ ለተመድ ዋና ጸሐፊ ለኮፊ አናን ውሳኔውን የሚያወግዝ ደብዳቤ ጻፉ። በ1997 ደግሞ «በመርህ ደረጃ ተቀብለናል» ተባለ። «በመርህ ደረጃ» የምትባለዋን ነገር ጉዳይ ለማስጨረስ ቢሮ የተመላለሰ ሰው በደንብ ያውቃታል። ግንቦት 28 ቀን 2010 የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ «ሙሉ በሙሉ» አለ። በባድመና በሌላዋ የድንበር ወረዳ በኢሮብ ሰዎች ለተቃውሞ ወጡ። ምን ይደንቃል? መሬታቸው ላይ የተወሰነውን ማንም ሳያማክራቸው ነው የሰሙት።

ናይጄሪያ ባካሲ ልሳነ ምድርን ለካሜሩን የተወችበትን መንገድ ስመለከት ቅናት ቢጤ ይሰማኛል። ዘሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በመስከረም 1995 ለካሜሩን ፈረደ። ናይጄሪያም መጀመሪያ ላይ አልዋጥ ብሏት ነበር። በሰኔ 1998 ግን ኦባሳንጆና ፖል ቢያ ኒውዮርክ አካባቢ ግሪንትሪ በሚባል ቦታ ተፈራረሙ። የናይጄሪያ ጦር በ60 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ቢበዛ 30 ቀን ይጨመርለታል። ከመሬቱ ከፊሉ ለሁለት ዓመት በናይጄሪያ ሲቪል አስተዳደር ሥር ይቆያል። ከዚያ ለአምስት ዓመት ነዋሪው ልዩ ጥበቃ አለው። ማንም በግድ አይፈናቀልም፣ በግድ ዜግነት አይቀይርም፣ ዓሣ ማጥመዱን ይቀጥላል። የተመድ፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጀርመን ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ አፈጻጸሙን ይከታተላል። ጦሩ በነሐሴ 1998 ወጣ፤ ርክክቡ ነሐሴ 8 ቀን 2000 ተጠናቀቀ።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ማለቴ አይደለም። የናይጄሪያ ሴኔት እኛ ያላጸደቅነው ስምምነት ብሎ ጮኋል። ብዙ ሰው ቀዬውን ለቆ ወደ ክሮስ ሪቨር ግዛት ሄዷል፤ የተገባለትን ቃልም እንደልቡ አላገኘም። ቢሆንም የባካሲ ዓሣ አጥማጅ ወታደሩ መቼ እንደሚወጣና ምን እንደሚቀርለት የሚያይበት ወረቀት ነበረው። የባድመ ገበሬ የነበረው የዜና መግለጫ ነው።

«ሕዝብ ቢጠየቅማ ማንም እሺ አይልም» የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሪፈረንደም ይደረግ አላልኩም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 2 የአገሪቱ ወሰን በዓለም አቀፍ ስምምነቶች የተወሰነው ነው ይላል። ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው ደግሞ ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ ርክክቡ የሚፈጸምበት ውል ምክር ቤት ቀርቦ በአደባባይ ይነበብ። መስመሩ የኢሮብን ሕዝብ ለሁለት ይከፍላል። ወዲህና ወዲያ የሚቀሩት ዘመዳሞች እንዴት እንደሚገናኙ፣ እርሻው በማን ደብተር እንደሚቀመጥ፣ ዜግነት መምረጫው ስንት ዓመት እንደሆነ እዚያው ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ሳይሆን የ2013ቱ ጦርነት መጣ፤ የኤርትራ ጦርም ባድመ ገባ። ውሳኔውን የተቀበልን አገር ነን፣ ግን መሬቱ በሰነድ አልተረከበም፣ በጦርነት ነው የተያዘው። እንዲህ ያለ መሬት ደግሞ ነገ የሚመጣ መንግሥት «እኔ መቼ ሰጠሁ» ብሎ እንደገና ሊያነሳው ይችላል፤ አስመራም ይህን ታውቃለች። አንድ ቀን ተቀምጠው ለመነጋገር ከፈለጉ የግሪንትሪው ወረቀት አለላቸው። «ዓሣ ማጥመድ» የሚለውን «እርሻና ግጦሽ» ብለው ከዚያ መጀመር ይችላሉ።