ጥፋቱን ለማሽኑ አትስጡ

ደንበኞች በየቅርንጫፉ ግማሽ ቀን የቆሙት ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ አንድ የባንክ ኃላፊ ሰሞኑን በሬዲዮ የሰጡት መልስ እስካሁን ያንገበግበኛል። ችግሩ የሲስተሙ እንጂ የሠራተኞቻቸው አይደለም፤ አዲስ ሲስተም በግዥ ላይ ነው፤ እስከዚያ ሕዝቡ ይታገሥ። መልሱ ይኸው ነው።

ሠራተኞቹ የሉበትም? ታዲያ ዳታውን ማን አስገባው? ከስንት ብር በላይ ለመክፈል የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ለሶፍትዌሩ ማን ነገረው? የመረጃ ሥርዓት ማሽን፣ ሶፍትዌር፣ ኔትወርክ፣ ዳታ፣ አሠራርና ሰው ተያይዘው የሚቆሙበት ነገር መሆኑን የአንደኛ ዓመት የቢዝነስ ተማሪ ያውቃል። ኃላፊው ግን የቆጠሩልን በገንዘብ የሚገዛውን ብቻ ነው።

መጋቢት 2016 ተረስቶ ከሆነ ላስታውስ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከዓርብ ሌሊት እስከ ቅዳሜ ጠዋት ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩን ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር አያያዘው። ማለትም በሩን የሰበረ ሌባ አልነበረም፤ ከውስጥ የከፈተው ሰው ነው። ማሻሻያው ከመለቀቁ በፊት ማን ሞከረው? ማን ፈረመበት? ሌሊቱን የወጪውን መጠን የሚከታተል ሰው ነበር? ከነበረስ፣ አለቃ ሳይቀሰቅስ ክፍያውን የማቆም ሥልጣን ነበረው? ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ከመፈጸም ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ገንዘቡን ማስመለሱም በሰው ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፣ ባንኩም ያልመለሱ ሰዎችን ፎቶ ቅርንጫፎቹ ላይ ለጠፈ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ዛሬም ሲስተም ነው ይሉናል!

መብራትና ኔትወርክ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ይህንን ግን ባንኩም ያውቃል። ባለፈው በአንድ ቅርንጫፍ አንዲት ነጋዴ የዕቃ አቅራቢዋን የሒሳብ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ይዛ መስኮቱ ጋ ስትለምን አየሁ። ገንዘብ ከፋዩ «ሲስተም የለም» ብሎ ወደ ስልኩ አቀረቀረ። ጥያቄዋን በእጅ የሚመዘግብበት ቅጽ የለው፣ ሲስተሙ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለ። ሥራ አስኪያጁ በገዛ ሞባይላቸው ዋናው መሥሪያ ቤት ለሚያውቁት ሰው ይደውሉ ነበር። ኔትወርክ ሲቋረጥ ለማን እንደሚደወል እንኳ የተጻፈ ነገር የለም ማለት ነው። ይህንን የትኛው አዲስ ሶፍትዌር ይጽፍላቸዋል?

ባንኮቻችን ለማሽን ከሚያወጡት ሩቡን ለሥልጠና እንደማያወጡ እወራረዳለሁ። ለዚህ ነው አዲሱም ሲስተም በዓመቱ እንደ አሮጌው የሚሰደበው። ቦርዱ የግዥውን ውል ከመፈረሙ በፊት ሲስተሙ በተቋረጠ በመጀመሪያው ሰዓት እያንዳንዱ ሠራተኛ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቅ። ሰነዱ ካልቀረበ አይፈርም።