መጠጥን ቤት ሆኖ በአንድ ቀን ስለ ማቆም፦ እርማት

ድብርትም የመጠጥ ሱስም ያለበት ሰው «ስልኩን እንደሚዘጋ ሁሉ መጠጡን ቤቱ ሆኖ በአንድ ቀን ያቁም፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው» የሚል ምክር እዚህ ሲደጋገም አይቻለሁ። በቅንነት የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ ለሕይወት የሚያሰጋ ስህተት አለበት።

ስልኩን የተወ ሰው ይነጫነጭ ወይም እንቅልፍ ያጣ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን አንጎሉ አልኮሉን ተላምዶ ስለሚሠራ፣ በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ፣ ከ2 እስከ 4 ቀናት ባለው ጊዜ ደግሞ በከባድ መቃዠት፣ በትኩሳትና የሌለ ነገር በማየት የሚገለጸው ዴሊሪየም ትሬመንስ ሊይዘው ይችላል፤ ይህም ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ቤተሰብ ይህን አይቶ «ድብርቱ ባሰበት» ወይም «ለክፎት ነው» እያለ ውድ ሰዓታት ማለፋቸው በተለይ ያሳዝነኛል።

ማረጋገጥ የሚፈልግ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የአእምሮ ጤና ሕክምና መመሪያ ሁለተኛ እትም፣ ስለ አልኮልና ዕፅ የሚናገረውን ክፍል ይመልከት፤ አለዚያም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይጠይቅ። ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ቀድሞ ሲያቆም ተንፈራግጦ የሚያውቅ ሰው ከማቆሙ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ይታይ፤ ድብርቱም አብሮ ይመረመርለታል።