ለሳይኪኩ ጠበቆች የቀረበ ውዳሴ

እንደነሱ ያለ ጀግና የለም። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ይወዱታል፤ ከመውደዳቸው ብዛት አይጫወቱትም። ሌላው ጠረጴዛ ከቦ፣ ዳይስ ወርውሮ፣ ዘንዶ ገድሎ፣ ስቆ ይገባል። እነሱ ግን ከዘንዶ የሚበልጥ ጉዳይ ይዘዋል። በሐሳብ ብቻ ዕቃ የሚያነሳና የሰው ልብ የሚያነብ ሳይኪክ የራሱ ክላስ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

ለማያውቁት፣ ክላስ ማለት በጨዋታው ውስጥ የምትሆነው ገጸ ባሕርይ የሚኖርበት ሙያ ነው። ተዋጊ፣ ሌባ፣ ካህን፣ አስማተኛ እያለ ይቀጥላል። በ2014 የወጣው የጨዋታው እትም በ12 ክላስ ጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፤ በ2019 አንድ ተጨምሮ 13 ሆኑ። ሳይኪኩ ያን ጊዜም ደጅ እየጠና ነበር።

ታዲያ አስማተኛው ሐሳብ አያነብም ወይ? ያነባል። ዕቃ ከሩቅ አያነሳም? ያነሳል። ሰው እንደ አሻንጉሊት አያዝም? ያውም እንዴት! ጥልቀት የጎደለው ሰው እዚህ ላይ "በቃ አስማተኛ ያዝና ሳይኪክ ነኝ በል" ብሎ ያልፋል። ጠበቆቻችን ግን መጽሐፉን ገልጠው ልዩነቱን አግኝተውታል። አስማተኛው ሐሳብ ለማንበብ ማነብነብ፣ እጁን ማወናጨፍና አንድ የመዳብ ሳንቲም መያዝ አለበት። ሳንቲም! ሳይኪክ ሳንቲም ይይዛል እንዴ? ሳይኪክ ሁለት ጣቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ አለቀ። ይህን ልዩነት በዋዛ የሚያይ ሰው ክብር የሚባል ነገር አያውቅም።

በ2020 አሳታሚው ሊያስታርቅ ሞከረ። ሶርሰረር (አስማቱ አብሮት የተወለደ ክላስ) ካሉት ዘርፎች፣ ማለትም የክላሱ ንዑስ ክፍሎች፣ አንዱ ደረጃው ከፍ ሲል የአእምሮ ድግምቶቹን ያለ ንግግር፣ ያለ እጅ ምልክት፣ ያለ ሳንቲም እንዲጠቀም ተፈቀደለት። ለተዋጊውና ለሌባውም የአእምሮ ኃይል ታደላቸው። ጠበቆቹ ግን በቀላሉ የሚሸነገሉ አይደሉም። "ይሄ ዘርፍ እንጂ ክላስ አይደለም!" አሉ። እውነታቸውን ነው። ማውጫው ላይ የራሱ ምዕራፍ ከሌለው ኃይሉ ምን ሊረባ?

ማዶ ያለውን ጎራም አንርሳ። እነዚህ ደግሞ "የአእምሮ ኃይል የጠፈር ልቦለድ ነው፤ ሰይፍና ዘንዶ ባለበት አገር ምን ይሠራል?" የሚሉ የንጽሕና ዘበኞች ናቸው። ጨዋታው የወጣው በ1974 ነው። ፊቱ ላይ የኦክቶፐስ እጅ የተንጠለጠለበት፣ የሰው አንጎል የሚበላው ጭራቅ በ1975 መጣ። ሳይኦኒክስ የሚባለው የአእምሮ ኃይል ደንብ በ1976 ተከተለ። በ1980 ጀግኖቹ ተከስክሶ የወደቀ የጠፈር መርከብ የሚበረብሩበት ጀብዱ ታተመ። ዘበኞቹ ግን "ድሮ እንዲህ አልነበረም" ይላሉ። የትኛው ድሮ ብሎ መጠየቅ ብልግና ነው።

ድሮን ካነሳን አይቀር፣ በ1978ቱ ደንብ ሳይኪክነት ሎተሪ ነበር። ብልኅነትህ፣ ጥበብህ ወይም ግርማ ሞገስህ 16 ከደረሰ ዳይስ ትጥላለህ፤ የዕድልህ መነሻ ከመቶ አንድ ነው። ደርሶህ ከሌላ ሳይኪክ ጋር ከተጋጠምክ አምስት ዓይነት ማጥቂያ ከአምስት ዓይነት መከላከያ ጋር በሠንጠረዥ ይመሳከራል። ባለ ሰይፉ ጓደኛህ እስከዚያ ቡናውን ይጠጣል። ዛሬም ይህን ናፍቆ የሚያለቅስ አለ። ዕድሜ ይስጠው!

እኔን ከጠየቃችሁኝ (ማንም አልጠየቀኝም)፣ ሳይኪኩ በእርግጥ የሚያስፈልግበት ዓለም አለ። በ1991 የወጣው ዳርክ ሰን ነው። ምድሩ በረሃ ነው፤ በረሃ ያደረገው ደግሞ አስማት ነው። ያልተጠነቀቀ አስማተኛ ሲደግም በዙሪያው ያለው ሣር አመድ ይሆናል፤ ሕዝቡም አስማተኛ ሲያይ ድንጋይ ያነሳል። የአእምሮ ኃይል ግን የጨዋም የባሪያም ነው፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ አለው። እዚያ ሁለቱን ብትደባልቅ ታሪኩ ይፈርሳል። አንዱ ተነስቶ "መጀመሪያ የምትጫወቱበትን ዓለም ንገሩኝ" ቢል ክርክሩ በአንድ ምሽት ባለቀ ነበር። ደግነቱ ማንም አይነሳም።

አሳታሚውም ለዚህ ልማድ የዋለው ውለታ ቀላል አይደለም። ከ2015 ጀምሮ ሚስቲክ የሚባል የሳይኪክ ክላስ ለሙከራ አወጣ። በ2017 እስከ መጨረሻው፣ እስከ 20ኛ ደረጃ አደረሰው። ሚስቲኩ ይዋጋል፣ ይፈውሳል፣ ይሰወራል፣ ልብ ያነባል፤ የቀረው የሌሎቹን ደሞዝ መቀበል ብቻ ነበር። በ2020 ተሰናበተ። ፓዝፋይንደር የሚባለው ተፎካካሪ ጨዋታ ግን በ2015 ሳይኪክ የሚባል ክላስ አሳትሞ አረፈው፤ በ2022 ለአዲሱ እትሙ ደገመው። "እንግዲያው እዚያ ሄዳችሁ አትጫወቱም?" እንዳትሉ። እሱማ መጫወት ሊሆን ነው።

በ2025 ደግሞ ሳይኦን የሚባል ክላስ ለሙከራ ቀረበ። ክላስ! የራሱ! እልልታው ሳይበርድ ደንቡን እስከ ታች ያነበበ ሰው ተገኘ። ለካ ሳይኦኑ እንደ አስማተኛው በየደረጃው ድግምት እየቆጠረ ነው የሚኖረው። "ይሄማ አስማተኛው ነው፣ ሳንቲሙን ደብቆ!" አሁን ጥያቄው ተራቅቋል፤ ክላስ ያገኘው ሳይኪክ በቂ ሳይኪክ ነው ወይ? እሰይ! ለሌላ ሃምሳ ዓመት የሚበቃ ሥራ ተገኘ።