እርማት፦ መንተባተብን «ስለሚፈውሰው» መሣሪያ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወላጆች፣ «ጭንቅላት ላይ የሚደረግ የኤሌክትሪክ መሣሪያ መንተባተብን ይፈውሳል፣ ለልጆቻችሁ ግዙ» የሚል አስተያየት እየተቀባበላችሁ ነው። ለልጅ መጨነቃችሁ ይገባኛል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

እንዲህ ባለው መሣሪያ ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የተሠራው በ30 አዋቂ ወንዶች ላይ ነው። ጭንቅላታቸው ላይ የተደረገው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ (1 ሚሊአምፔር) ነበር፤ በቀን 20 ደቂቃ፣ ለ5 ቀን። ሁሉም የንግግር ልምምድ ያደርጉ ነበር፤ ከፊሎቹ ግን ያገኙት የይስሙላ ኤሌክትሪክ ነው፤ ማለትም መሣሪያው ተደረገላቸው እንጂ እውነተኛውን ሕክምና አላገኙም። እውነተኛውን ያገኙት ይበልጥ ተሻሻሉ፣ አልዳኑም። ከ6 ሳምንት በኋላ ለውጡ በንባብ ላይ ቢቆይም በጭውውት ላይ አልቆየም።

ሻጩን «በልጆች ላይ ተሞክሯል? ከይስሙላው ጋር ተነጻጽሯል? ያለ ንግግር ልምምድስ ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁት። እባካችሁ ባትሪ ገጣጥማችሁ ልጅ ላይ አትሞክሩ፤ ቆዳ ያቃጥላል።