ታርጋ ሲታደስ በትርፍ የተከፈለ ገንዘብ የከፋዩ ነው

ሲያትል ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ጎረቤት አለኝ። የመኪናው ታብ (በየዓመቱ የሚታደሰው የታርጋ ተለጣፊ) ማደሻ ደብዳቤ ሲመጣለት የሚያየው ከታች ያለውን ድምር ብቻ ነው። ባለፈው መስመር በመስመር አብረን እናንብበው ብለው «ተወው፣ ከመንግሥት ጋር ምን አከራከረኝ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። መንግሥት አንዴ የወሰደው ገንዘብ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው።

ግን ተከስሶ የመለሰ መንግሥት አለ። ካሊፎርኒያ ከ1990 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) የስቴቱን የጭስ ደረጃ ሳያሟላ ከሌላ ስቴት የመጣ መኪና ታርጋ ሲያወጣ 300 ዶላር ተጨማሪ ያስከፍል ነበር። በዚያ ዘመን ከዳላስ ወይም ከዲሲ ዕቃውን ጭኖ እየነዳ ሎስ አንጀለስ የገባ ሰው፣ ቤት ሳይከራይና ሥራ ሳይዝ በፊት የሚጠብቀው ክፍያ ይህ ነበር። ሰዎች ተከራከሩ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1999 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ከውጭ የመጣውን መኪና ብቻ ለይቶ ማስከፈል ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ሲል ወሰነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይበልጥ የሚገርመኝ። በተለመደው ሕግ ገንዘቡን መልሶ መጠየቅ የሚቻለው ለ3 ዓመት ብቻ ስለነበር፣ በ1991 ወይም በ1994 የከፈለው ሁሉ ባዶ እጁን ሊቀር ይችል ነበር። አገረ ገዢው ግሬይ ዴቪስና የስቴቱ ምክር ቤት ግን በ2000 ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለከፈለ ሁሉ ከነወለዱ እንዲመለስ ወሰኑ። ለ1.7 ሚሊዮን ያህል ከፋዮች 665 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ጊዜው አልፏል ብሎ መቅረት ቀላል ነበር። ያለአግባብ የተወሰደ ገንዘብ ቀን ስለቆጠረ ብቻ የወሳጁ አይሆንም ብለው መወሰናቸው ትክክል ነበር፤ ዛሬም የማንኛውም መንግሥት መለኪያ መሆን አለበት እላለሁ።

ወደ እኛው ዋሽንግተን ስቴት ልመለስ። እዚህ ብዙ ሰው «በዘበዙን» የሚለው ከታብ ክፍያው ጋር የሚሰበሰበውን፣ ደብዳቤው ላይ «አር ቲ ኤ» ተብሎ የሚጻፈውን የባቡር ታክስ ነው። ታክሱ የሚከፈልበት ክልል የኪንግ፣ የፒርስና የስኖሆሚሽ ካውንቲዎችን ከፊል ይይዛል፤ የክልሉ መራጮች በድምሩ በ2016 የባቡሩን መስፋፋት ሲያጸድቁ ታክሱ ከመኪናው ግምት 0.3 በመቶ ወደ 1.1 በመቶ አደገ፤ 20,000 ዶላር ለተገመተ መኪና በዓመት 220 ዶላር ማለት ነው። ግምቱ ደግሞ የሚሰላው በ1990ዎቹ በወጣ ሠንጠረዥ ነው፤ ሠንጠረዡ አዳዲስ መኪኖችን ገበያ ላይ ከሚያወጡት በላይ ይገምታቸዋል። ቅሬታው እውነት አለው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ሆኖም የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 አሠራሩ ሕጋዊ ነው ብሏል። ስለዚህ በሠንጠረዡ ምክንያት ገንዘብ አስመልስላችኋለሁ የሚል ሰው ቢመጣባችሁ አትመኑት።

የሚመለሰው በስህተት የተከፈለው ነው፤ ይህን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የባቡር ታክሱ ክልል ከዚፕ ኮድ ጋር አብሮ አይሄድም። ድንበሩ አንዳንዱን ዚፕ ኮድ ለሁለት ይከፍለዋል፣ ስለዚህ ከክልሉ ውጭ እየኖሩ የክልሉን ታክስ መክፈል ይቻላል። የቤት ኪራይ ከሲያትል ገፍቶ ሜሪስቪል ወይም ሞንሮ ያደረሳቸው ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ሁለቱም ከተሞች ከክልሉ ውጭ ናቸው። አድራሻ በተቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ቢሆንም፣ ደብዳቤው አሁንም በዘመድ ቤት፣ በድሮው አድራሻ የሚመጣለት ሰው ብዙ ነው። ታክሱ የሚሰላው መዝገቡ ላይ ባለው አድራሻ ነው።

የስቴቱ ሕግ በታርጋ ክፍያ ላይ 10 ዶላርና ከዚያ በላይ በስህተት በትርፍ የከፈለ ሰው፣ ቢጠይቅም ባይጠይቅም፣ ትርፉ በሙሉ ይመለስለታል ይላል። «ባይጠይቅም» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ሕጉ ሸክሙን ከከፋዩ ትከሻ አውርዶታል። በተግባር ግን የጠየቀ ያገኛል፣ ያልጠየቀ ይቀርበታል። እንግሊዝኛ የሚከብደው፣ 14 ሰዓት የሚነዳ፣ ፎርም ሲያይ የሚጨነቅ ሰው ሁልጊዜ ካልጠየቁት ወገን ነው። ታርጋ የሚያድሰው የስቴቱ መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱ መኪና አድራሻ በኮምፒውተሩ አለው፤ የክልሉም ካርታ አለ። ሁለቱን በየዓመቱ አመሳክሮ፣ ስህተት ያገኘበትን ሰው ራሱ ፈልጎ ገንዘቡን ሊልክለት ይገባል። ሲጎድልበት ቀሪውን አምጡ እያለ ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት፣ ሲተርፍበትም መጻፍ አያቅተውም።

እስከዚያው ሥራው የእኛ ነው። ደብዳቤ የሚያነቡልን ልጆች በየቤቱ አሉ፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱም ቅጽ የሚሞሉ ሰዎች አሉ። አድራሻችሁን የክልሉን ድንበር በሚያሳየው የድረ ገጽ ካርታ ላይ ፈልጉት፣ ያለፉትን ዓመታት ደረሰኞች አውጡ፣ ስህተት ካለ የተመላሽ ማመልከቻውን ሙሉ። ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ በወንጀል ስለሚያስጠይቅ እውነቱን ብቻ ጻፉ።

የጎረቤቴን ደብዳቤ በመጨረሻ አነበብነው። የሚኖረው ክልሉ ውስጥ ስለሆነ ስህተት አላገኘንበትም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ትንሽ ቆይቶ፣ «ወንድሜ ሜሪስቪል ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ደብዳቤው ግን አሁንም በእኔ ቤት ነው የሚመጣው» አለኝና ስልኩን አወጣ።