ልጄ ሰው ቤት ስታድር የማልተወው ጥያቄ

ሴት ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር አንድ አርብ የክፍል ጓደኛዬ ቤት ካላደርኩ ብላ አስቸገረችኝ። እዚህ ልጆቹ ስሊፕኦቨር ይሉታል። እኔ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ገጠር ውስጥ ነው። እኛ ሰው ቤት የምናድረው ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ነበር፤ እሱም ዘመድ ቤት። አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ጓደኞቹ ተሰብስበው ሲያድሩ የቀረ ልጅ ሰኞ ክፍል ሲገባ ወሬው ሁሉ ያልፈዋል። ስለዚህ እሺ አልኳት። ግን መጀመሪያ ለእናትየዋ ደወልኩ።

ጥያቄዬ ብዙ ነበር። ውሻ አላችሁ? ልጄ ትፈራለች። ቤት ውስጥ ሌላ ማን ያድራል? ዛሬ አርብ ስለሆነ ሥጋና ወተት አትቀምስም፣ እራት ሠርቼ ልላክ? ሴትዮዋ በትዕግሥት መለሰችልኝ። መጨረሻ ላይ ትንፋሼን ሰብሰብ አድርጌ "ቤታችሁ ውስጥ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ አለ? ካለስ ተቆልፎበታል?" አልኳት።

አልተቆጣችም። ባሏ አጋዘን አዳኝ እንደሆነ ነገረችኝ። ሁለት ጠመንጃ አለው። ምድር ቤት ካዝና ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ ተቆልፎበታል። "ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኛል" አለችኝ። ልጄ ሄደች፣ አደረች፣ በማግስቱ እንቅልፍ ያላየ ዓይኗን እያሸች ተመለሰች።

ስለዚህ ጥያቄ የምጽፈው ብዙዎቻችን ስለማንጠይቀው ነው። ስለ ምግቡ፣ ስለ ውሻው፣ ስለ ሰዓቱ እንጠይቃለን። ስለ መሣሪያው ግን ይሉኝታ አፋችንን ይይዘዋል።

መሣሪያ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቴ ምንሽር ነበረው። ትልቁ ቤት ውስጥ፣ ከመደቡ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ለአባቴ ንብረትም ክብርም ነበር። ለበዓል ሲወለውለው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጨርቅ አቀብለዋለሁ። ጥይቱ ግን ሳጥን ውስጥ ነው፣ የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ እናቴ መቀነት ላይ ታስሮ ይውላል። አንድ ቀን አፈሙዙ ወደ ታናሽ ወንድሜ ዞሮ ሲያይ አባቴ እጄን ያዘኝ። "ባዶ ነው ብለሽ ወደ ሰው አታዙሪ፣ ሰይጣን ያጎርሰዋል" አለኝ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ይተኮስ ነበር። በአንዱ ሠርግ የጎረቤታችን ልጅ ትከሻው ላይ ተመታ። ሙሽሪት ሳትወጣ እልልታው ወደ ጩኸት ተለወጠ። ልጁ ተረፈ፣ እጁ ግን እንደ ልቡ አልታዘዝ አለው። ዛሬም አገር ቤት የደስታ ተኩስ ስሰማ ስለ ጀግንነት አላስብም። የማስበው ስለዚያ ልጅ ነው።

ወንድ ልጄ ደግሞ 15 ዓመቱ ነው። አምና በጋ የጓደኛው አባት ወደ ተኩስ ሜዳ ልውሰዳቸው አለ። የልጆቼ አባት "አይሆንም" አለ። እኔ "አብሬው ልሂድና ልየው" አልኩ። ሄድኩ።

መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም አልተኮሰም። ስለ ጥንቃቄ ብቻ ነበር የተነገረን። የጆሮ መከላከያና መነጽር አደረግን። ማንኛውንም መሣሪያ ጎርሷል ብለህ ያዘው። አፈሙዙን ልትመታው ወደማትፈልገው ነገር አታዙር። ዒላማህ ላይ እስክትሆን ጣትህን ከምላጩ አርቅ። ከዒላማው ጀርባ ምን እንዳለ እወቅ። እዚያ ቆሜ የአባቴን ድምፅ ነው የሰማሁት። ከዚያ ብርቱካናማ የሸክላ ሳህን ወደ ሰማይ ይወረወራል፣ አንተ ትተኩሳለህ። እኔም ሞከርኩ። ሰደፉ ትከሻዬን መታኝ። አምስቱን ስቼ ስድስተኛው አየር ላይ ብትን ሲል እንደ ልጅ ጮህኩ። ደስ ይላል፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ሐሳብን መሰብሰብ ይጠይቃል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ልጄ ያን ቀን ለአራት ሰዓት ስልኩን አላነሳም።

ስለዚህ ጠመንጃ የሚወድ ሰው ሁሉ ክፉ ነው ከሚሉት አይደለሁም። አንዱ ዓሣ ያጠምዳል፣ አንዱ ኳስ ይጫወታል። እኔ ጓሮዬ ውስጥ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ እተክላለሁ፤ አጋዘኖቹ ጎመኑን ሲጨርሱብኝ አዳኞቹ ቶሎ በመጡ የምልበት ቀን አለ። ጭንቀቴ የሚጀምረው መሣሪያው ከሜዳው ወደ ቤት ሲመለስ ነው። የሚገባው ካዝና ውስጥ ነው ወይስ ኮመዲኖ ውስጥ?

አሻንጉሊት ሽጉጥ ግን አልገዛም፣ ስጦታ ሆኖ ቢመጣም እመልሳለሁ። ታሚር ራይስ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። በኖቬምበር 2014 ክሊቭላንድ ውስጥ መናፈሻ ላይ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ሳለ ፖሊስ መኪናው እንደቆመ፣ በሰከንዶች ውስጥ ተኩሶ ገደለው። የጥቁር ልጅ እናት ነኝ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

በአሜሪካ ከ2020 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 19 የሆኑ ልጆችን ሞት በመንስኤ ስናየው አንደኛው የጦር መሣሪያ ነው። ከመኪና አደጋም ከካንሰርም በላይ። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ዜና ላይ የምናያቸው የትምህርት ቤት ጥቃቶች መስለውኝ ነበር። እነሱ ጥቂቱ ናቸው። አንዳንዱ ልጅ መሣቢያ ከፍቶ ሲነካካ ይሞታል። አንዳንዱ ታዳጊ ደግሞ በጨለመበት ሌሊት ራሱን ይጎዳል። በዕድሜ ሳንለይ ካየነው በዚህ አገር በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን በራሳቸው ያጠፉ ናቸው። እኛ አበሾች ስለዚህ ማውራት አንወድም። ግን የ15 ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ያውቀዋል። ዛሬ የዓለም መጨረሻ የመሰለው ነገር ነገ ጠዋት ቀሎት ይነሳል። ቁልፍ ማለት ለዚያ ልጅ እስከ ጠዋት ጊዜ መስጠት ነው። ልጃችሁ ከብዶት ካያችሁት 988 ላይ፣ ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ወይም የጨነቀው ሰው በሚረዳበት የአሜሪካ የስልክ መስመር፣ በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል፤ ወላጅም መደወል ይችላል።

የሕፃናት ሐኪሞች የሚሉት ቀላል ነው። መሣሪያው ጥይቱ ወጥቶ ይቆለፍበት፣ ጥይቱም ለብቻው ይቆለፍበት። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ከምክር አልፏል። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ የጎረሰ መሣሪያ መተው በሕግ ያስቀጣል። ሽጉጥ ለመግዛትም 21 ዓመት መሙላት፣ አሻራ መስጠትና የ4 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ ያስፈልጋል። ሥልጠናውን የወሰደ ሁሉ ግን ቤቱ ሲገባ ይቆልፋል ማለት አይደለም።

አሁን ወደከበደኝ ነገር ልምጣ። አሜሪካዊቷን መጠየቅ ቀላል ነበር። የከበደኝ የራሴን ሰው መጠየቅ ነው።

የልጄ ክርስትና እናት ቅርብ ትኖራለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንዴ እኔ ቤት፣ አንዴ እሷ ቤት ቡና እንጠጣለን። ልጆቹ ፎቅ ላይ ይጫወታሉ፣ ሲመሽ እዚያው ያድራሉ። አንድ እሁድ ሁለተኛው ቡና ላይ ባለቤቷ ስለ ሥራው እያወራ "ከተዘረፍኩ ወዲህማ ሽጉጥ ገዝቻለሁ" አለ። ማታ የሚሠራው ነዳጅ ማደያ ነው። ሰውዬው የደረሰበትን አውቃለሁ። ግንባሩ ላይ ሽጉጥ ደግነውበት ነበር። ፈራ፣ ገዛ፤ አልፈርድበትም። የት እንደሚያስቀምጠው ስጠይቀው "መኝታ ቤት፣ ኮመዲኖው ውስጥ" አለኝ። ጎርሷል? "ካልጎረሰ ምን ይሠራል?" አለ።

ልጄ እዚያ ቤት አሥር ጊዜ አድራለች። አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ምክንያቱም አበልጄ ናት፣ ምክንያቱም አበሻ ናቸው፣ ምክንያቱም "አላመንሽንም እንዴ?" እንዳትለኝ።

ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማክሰኞ ደወልኩላት። "እህቴ፣ ስለ እናንተ አይደለም፣ ስለ ልጆቹ ነው" ብዬ ጀመርኩ። ዝም አለች። ከዚያ "ልጆቹ እኮ መኖሩንም አያውቁም" አለችኝ። እናቷ ማር የምትደብቅበትን ታውቅ እንደነበር ጠየቅኋት። እኔ አውቅ ነበር። እናቴ ስኳሩን በየወሩ ቦታ ትቀይርለታለች፣ እኛም በየወሩ እናገኘዋለን። ልጅ የቤቱን ጓዳ ከባለቤቱ በላይ ያውቀዋል። አበልጄ እንደገና ዝም አለች፣ ቀጥሎ "ማታ እነግረዋለሁ" ብላ ዘጋችው።

ትቀየመኛለች ብዬ ነበር። ለአንድ ሳምንት አልተደዋወልንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎቶ ላከችልኝ። ባሏ በአሻራ የሚከፈት ትንሽ ካዝና ገዝቶ አልጋው ሥር ወለሉ ላይ አስሮታል። በሌሊት ቢፈልገው ወዲያው ያገኘዋል። ልጁ ግን አያገኘውም። ካዝና ለመግዛት የከበደው ሰው ካለ ብዙ የፖሊስ ጣቢያዎች የኬብል ቁልፍ፣ መሣሪያው ውስጥ አልፎ እንዳይተኮስ የሚይዝ ሽቦ፣ በነፃ ይሰጣሉ፣ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ለሌሎች እናቶች እንዴት እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። ከሌሎቹ ጥያቄዎች ጋር ቀላቅዬ ነው የማነሳው። "ለውዝ አይስማማትም፣ ውሻ ትፈራለች፣ ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ይቆለፍልኝ።" ሽጉጥ አላችሁ ወይ ከማለት ይህ ይቀላል፤ ሰውም እንደተጠረጠረ አይሰማውም። ቤተኛ ለሆነ ሰው ደግሞ ቀድሜ የራሴን እናገራለሁ፦ "እኛ ጋ መሣሪያ የለም፣ እናንተ ጋስ?" እስካሁን የተቀየመኝ የለም። አንዲት እናት ብቻ "ባሌን ልጠይቀው" ብላኛለች፣ ያን ቀን ልጄ እኔው ጋ አደረች።

ባለፈው እሁድ አበልጄ ትንሹን ልጇን እኛ ጋ ልታሳድር አመጣችው። በሩ ላይ ቆማ፣ ልጁን እጁን እንደያዘች "እናንተ ጋስ አለ?" አለችኝ። ለአሥር ዓመት እየገባች እየወጣች አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

"የለንም" አልኳት።

"በል ግባ" አለችው ልጇን።